ወረቀቱን አንብቡ፤ ባለሙያውን ግን በሞተሩ ፊት ፈትኑት

በሬ ስትገዙ ምን ታደርጋላችሁ? ሻጩ «አራሽ ነው፤ ገራም ነው፤ ሞፈር አይሰብርም» ይላል። እናንተ ግን በቃሉ ብቻ ገንዘብ አትቆጥሩም። ጥርሱን ታያላችሁ። ጫንቃውን ትዳብሳላችሁ። ኮቴውን ታነሣላችሁ። ከተቻለም ጠምዳችሁ ሁለት ሦስት ትልም ታስኬዱታላችሁ። ይህን ሁሉ የምታደርጉት ሻጩን ጠልታችሁ አይደለም። በሬው የማይረባ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ የምትጎዱት እናንተ ስለሆናችሁ ነው።

ሰው በሬ አይደለም። ሰው ክብር አለው፤ ይማራል፤ ይሻሻላል። ነገር ግን አንዳንድ ማኅበር የወፍጮ ሠራተኛ ወይም የውሃ ሞተር አንቀሳቃሽ ሲቀጥር፣ አንድ ገበሬ በሬ ሲገዛ የሚመረምረውን ያህል እንኳ አይመረምርም። አንዱ ማኅተም ያለበት ወረቀት አይቶ ይቀጥራል። ሌላው «ብዙ ዓመት ሠርቷል» የሚል ወሬ ሰምቶ ይቀጥራል። ሞተሩ የተቃጠለ ዕለት ሁለቱም እኩል ያዝናሉ።

ታዲያ ባለሙያ ስንቀጥር የምንመዝነው በምስክር ወረቀቱ ነው ወይስ በልምዱ? መልሱ አጭር ነው። ወረቀቱም ልምዱም ሰውየውን እስከ ሞተሩ ድረስ ያቀርቡታል። የሚፈርደው ግን ሞተሩ ነው። እንዴት እንደሚፈርድ አብረን እንይ።

ሁለት ሰዎች መጡ እንበል

ማኅበራችሁ ገንዘብ አዋጥቶ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ተከለ እንበል። እናቶች ከእንግዲህ እህል ተሸክመው ሩቅ አይሄዱም። ሌሊት ተነሥተው በድንጋይ አይፈጩም። ሞተሩን የሚያንቀሳቅስ ሰው ግን ያስፈልጋል። ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሁለት ሰዎች መጡ።

አንደኛው ወጣት ነው። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተመርቋል። የምስክር ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል። ሁለተኛው ጎልማሳ ነው። በከተማ ወፍጮ ቤት 12 ዓመት ሠርቷል። ወረቀት የለውም። ጥፍሮቹ ግን በዘይት ጠቁረዋል።

ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ወረቀት የሌለው ሰው ምን ማረጋገጫ አለው?» አለ። ግማሹ ደግሞ «ወረቀት ሞተር አያስነሣም!» አለ። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት ነው። ነገር ግን ሁለቱም የያዙት ግማሹን ነው።

በዚህ መካከል ከኮሚቴው አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ «ልጁ እኮ የእህቴ ልጅ ነው» ሲል ተሰማ። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ። ወረቀትም ልምድም ለዝምድና መሸፈኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ዘመዱ ወረቀት ካለው «ወረቀት ይበልጣል» ይባላል። ወረቀት ከሌለው ደግሞ «ልምድ ይበልጣል» ይባላል። ሚዛኑ እንደ ሰዉ ከተለዋወጠ ሚዛን አይደለም። ስለዚህ አመልካች ዘመድ ያለው የኮሚቴ አባል በዚያ ጉዳይ ከዳኝነት ይውጣ። መመዘኛውም አመልካቾች ከመምጣታቸው በፊት ተጽፎ ይቀመጥ።

ወረቀቱ ምን ይላል?

እናንተ አሁን ማንበብ ትችላላችሁ። ስለዚህ ማኅተም አያስደንግጣችሁ። ወረቀቱን ተቀበሉና በጣታችሁ እየተከተላችሁ አምስት ነገር ፈልጉ።

አንደኛ፤ የማን ስም ነው? ከመታወቂያው ጋር አስተያዩት።

ሁለተኛ፤ ማን ሰጠው? የትምህርት ቤቱ ወይም የመዛኙ ተቋም ስም በግልጽ መጻፍ አለበት። ከተጠራጠራችሁ ወደ ሰጪው ተቋም ስልክ ደውሉ ወይም ደብዳቤ ጻፉ። ቅጂ ብቻ ከሆነ ዋናውን ጠይቁ። እውነተኛ ወረቀት የያዘ ሰው በዚህ አይቀየምም።

ሦስተኛ፤ የየትኛው ሙያ ነው? መኪና መጠገን፣ ኤሌክትሪክ መዘርጋትና ብረት መበየድ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። «መካኒክ» የሚል ቃል ስላያችሁ ብቻ ሁሉን ያውቃል አትበሉ።

አራተኛ፤ መቼ ተሰጠ? ከዚያ ወዲህ ሰውየው በሙያው ሠርቷል ወይስ ሌላ ሥራ ላይ ቆይቷል?

አምስተኛውና ዋናው፤ ግሡን አንብቡ። «ሥልጠናውን ተካፍሏል» የሚል ወረቀት አለ። «ተመዝኖ ብቁ ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ወረቀትም አለ። የመጀመሪያው ሰውየው ወንበር ላይ መቀመጡን ይመሰክራል። ሁለተኛው ሰውየው መፈተኑን ይመሰክራል። የሁለቱ ልዩነት ሰፊ ነው።

በአገራችን ሰዎች ሲኦሲ እያሉ የሚጠሩት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የዚህ የሁለተኛው ዓይነት ነው። ደረጃ 1፣ ደረጃ 2 እየተባለ ወደ ላይ ይወጣል። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ዕውቀትና ኃላፊነትም ከፍ ይላል።

እንግዲህ ወረቀት ይህን ያህል ጥቅም አለው። ሰውየው ሥራውን በሥርዓት ከሥር መሠረቱ እንደጀመረ ያሳያል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይሉ የለም አባቶቻችን? ወረቀቱ የማይናገረው ነገር ግን አለ። በዚያ ፈተና ቀን የነበረው ሞተር አዲስ ነበር ወይስ አሮጌ? መምህሩ አጠገቡ ቆሞ ነበር ወይ? ብቻውን፣ ሰልፈኛው እየጮኸበት፣ ዝናብ እየዘነበ ሞተር አስነሥቶ ያውቃል ወይ? ይህን ወረቀቱ አይነግራችሁም።

ልምዱስ ምን ይላል?

እጅ ሲሠራ ይማራል። ማረሻችሁን የሚያወጣው ቀጥቃጭ ወረቀት የለውም። ብረቱ መቼ እንደበሰለ ግን ከቀለሙ ያውቃል።

ከታሪካችንም አንድ ምሳሌ እናንሣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የነበሩትን አውሮፓውያን መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ሰዎቹ ወንጌል ለማስተማር የመጡ የእጅ ሙያተኞች እንጂ መድፍ መሥራት የተማሩ አልነበሩም። መጀመሪያ የሞከሩት ከሸፈ። እየሞከሩ፣ እየወደቁ፣ እየተነሡ ቆይተው በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፍ አወጡ። እርሱም በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ሰው በሥራ ላይ ይማራል፤ ይህ አንድ ነው። ሁለተኛው ግን ሊረሳ አይገባም። በጋፋት ለሙከራ የጠፋው ብረትና ድካም የንጉሥ ነበር። ንጉሥ ሊደግመው ይችላል። የእናንተ ማኅበር ግን ያለው አንድ ሞተር ነው። ስለዚህ ልምዱን በሌላ ቦታ ያገኘ ሰው እንጂ በእናንተ ሞተር «ሀ» ብሎ የሚጀምር ሰው ብቻውን አትሹሙ።

ደግሞም ልምድ ሁሉ ትክክል አይደለም። አንድ ስሕተት ለብዙ ዓመት ከተደጋገመ ልማድ ይሆናል። ለምሳሌ አንዳንድ ሠራተኛ «ዘይት የምቀይረው ጥቁር ሲሆን ነው» ይላል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ግን በተቀየረ በጥቂት ሰዓት ሥራ ይጠቁራል። ጥቁረቱ ብቻውን መለኪያ አይሆንም። ትክክለኛው መለኪያ ሞተሩ የሠራው ሰዓት ነው። ስንት ሰዓት እንደሆነ ከሞተሩ ጋር በመጣው መመሪያ ላይ ተጽፏል።

ስለዚህ «ልምድ አለኝ» ለሚል ሰውም ጥያቄ አዘጋጁ። የት ሠራህ? ምን ዓይነት ሞተር ነበር? ራስህ ፈትተህ የገጠምከው የትኛውን ክፍል ነው? ከዚያ ቦታ ለምን ወጣህ? ማን ይመሰክርልሃል? የነገራችሁን ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን እህል የሚያስፈጩትንም ጠይቁ። እነርሱ አይደብቁም።

ፈተናው እንዲህ ይሁን

አሁን ወደ ሞተሩ እንሂድ። ሁለቱም አመልካቾች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሞተር፣ አባላት እያዩ ይፈተኑ። ከኮሚቴው ሞተር የሚያውቅ ከሌለ ከከተማ አንድ የታወቀ መካኒክ ወይም የኮሌጅ መምህር ለአንድ ቀን ጥሩ። የአንድ ቀን አበል ለአንድ ሞተር መግዣ ከሚወጣው ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

አንደኛ፤ «አስነሣው» በሉት። ከዚያ ዝም ብላችሁ እዩ። ጥሩ ሠራተኛ ወዲያው አያስነሣም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ ያያል። ውሃውንና ናፍጣውን ይመለከታል። ቺንጋው መላላቱንና መጥበቁን ይነካል። ከወፍጮው ውስጥ የቀረ እህል እንዳለ ያረጋግጣል። ዙሪያውንም ያያል፤ ሕፃን ወይም ነጠላዋ የተንዘረፈፈ እናት ቺንጋው አጠገብ ካሉ ያርቃል። የሚሽከረከር ቺንጋ ነጠላ ከያዘ ሰውንም ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛ፤ ችግር ስጡት። «ናፍጣው አልቆ ሞተሩ ቆመ። አሁን ሞልተናል፤ ግን አልነሣ አለ። ምን ታደርጋለህ?» በሉት። የሚያውቅ ሰው በናፍጣው መስመር አየር መግባቱን ይገምታል። የማስተንፈሻውን ብሎን አላልቶ፣ ናፍጣው ያለ አረፋ እስኪፈስ አየሩን አስወጥቶ፣ መልሶ ያጠብቀዋል። የማያውቅ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ለማስነሣት ይታገላል።

ሦስተኛ፤ ስለ ጭሱ ጠይቁት። ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ከበዛ ጭነት በዝቶበት ወይም የአየር ማጣሪያው ቆሽሾ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ ካለ፣ ናፍጣው በደንብ አልነደደም ወይም ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው።

አራተኛ፤ «ሞተሩ ከመጠን በላይ ቢግልስ?» በሉት። የራዲያተሩን ክዳን ወዲያው የሚከፍት ሰው ፊቱን በእንፋሎት ይቃጠላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈስ ደግሞ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ትክክለኛው መልስ ጭነቱን ማውረድ፣ ማጥፋትና እስኪበርድ መጠበቅ ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ወፍጮው ድንጋይ ጠይቁት። እህል ሳይኖር ድንጋዮቹ ተነካክተው ቢዞሩ ምን ይሆናል? ድንጋዩ ያልቃል፤ ብናኙም ከዱቄቱ ጋር ይገባል። ድንጋዩን መቼና እንዴት እንደሚወቅር ያሳያችሁ።

ስድስተኛ፤ የማያውቀውን ጠይቁት። አዎ፤ የማያውቀውን። «አላውቅም፤ መመሪያውን ልይ» ወይም «ሰው ልጠይቅ» የሚል ሰው ታማኝ ነው። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰው አንድ ቀን ሞተራችሁን ፈታትቶ መግጠሙ ያቅተዋል።

ሁለቱ ሰዎች እንዴት ወጡ?

በፈተናው ወጣቱ ከመነሣቱ በፊት የሚታየውን ሁሉ በተራ አየ። መመሪያውን አንብቦ የዘይት መቀየሪያውን ሰዓት ተናገረ። የቺንጋው መከለያ አለመኖሩን ያስተዋለው እርሱ ነው። አልነሣ ላለው ሞተር ግን ብዙ ደከመ። መልሱን ያገኘው ፀሐይ ካዘቀዘቀ በኋላ ነው።

ጎልማሳው ችግሩን ከድምፁ ለይቶ በአጭር ጊዜ አስነሣው። እጁን ከኩሽኔታው ቤት ላይ አድርጎ «ይኼ ይግላል፤ ቅባት ጎድሎታል» አለ። ዳኛው መካኒክ ሲያየው እውነት ነበር። ነገር ግን ያለ መከለያ በሚዞር ቺንጋ ላይ ክንዱን ዘረጋ። ስለ ዘይቱም «ሲጠቁር ነው የምቀይረው» አለ።

እናንተ ብትሆኑ ማንን ትቀጥራላችሁ? ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። ርዳታ ከእናንተ ምን ያህል ይርቃል? በአንድ ሰዓት መካኒክ የሚደርስላችሁ ከሆነ ወጣቱን ቀጥራችሁ ማሳደግ ትችላላችሁ። መንገዳችሁ በክረምት የሚቆረጥ ከሆነ ግን ብቻውን ሞተር የሚያስነሣ እጅ ያስፈልጋችኋል። በእንዲህ ያለው ቀበሌ ጎልማሳው ይቀጠር፤ ነገር ግን በቅድመ ሁኔታ ይሁን። መከለያው ሳይገጠም ሞተሩ አይነሣ። ዘይት በሰዓት ይቀየር። ወጣቱም አቅም ከፈቀደ በገበያ ቀን ረዳት ሆኖ ይሥራ። አንዱ ለሌላው የጎደለውን ያስተምረዋል።

ወረቀት ግዴታ የሚሆንበት ሥራ

ሥራ ሁሉ አንድ አይደለም። ስሕተቱ ምን ያስከፍላል? ብላችሁ ለዩ።

ስሕተቱ ትንሽ የሚያስከፍልበት ሥራ አለ። አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ ገና ሲታሰብ የመንደር ሰው ራሱ እንዲጠግነው ተብሎ የተሠራ ነው። አብዛኛው ሥራው በአንድ መፍቻ ይፈታል። ዘንጉን አውጥቶ ያለቀውን ላስቲክ ለመለወጥ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። ከመንደሩ የተመረጠ ታማኝ ሰው፣ ሴትም ወንድም፣ አጭር ሥልጠና ወስዶ ይሠራዋል።

ስሕተቱ ሞተር የሚያስከፍልበት ሥራ አለ፤ እስካሁን የተነጋገርነው ስለዚህ ነው። በዚህ ላይ ወረቀትና ልምድ በፈተና ይመዘናሉ።

ስሕተቱ ነፍስ የሚያስከፍልበት ሥራም አለ። ወፍጮን የሚያዞር የኤሌክትሪክ መስመር 380 ቮልት ነው። ይህ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። ሰውን ወይም ከብትን በመርፌ መውጋትም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ሥራዎች ወረቀት የሌለው ሰው፣ ምንም ያህል ልምድ አለኝ ቢል፣ እጁን አያስገባ። እዚህ ላይ ወረቀቱ በር ነው፤ ልምዱ የሚመዘነው ከበሩ ከገባ በኋላ ነው።

ወረቀት የሌለው ባለሙያ ተስፋ አይቁረጥ

ከአንባቢዎቻችን መካከል ሙያ እያለው ወረቀት የሌለው ሰው ይኖር ይሆናል። ወንድሜ፣ እኅቴ፤ ይህ ለእናንተ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሙያውን የትም ይማረው የት፣ ተመዝኖ የበቃ ሰው ማረጋገጫ እንዲያገኝ መንገድ ከፍቷል። ከአባቱ የተማረም፣ በወፍጮ ቤት የተማረም መመዘን ይችላል። ምዘናው የተግባር ሥራ አለው፤ የዕውቀት ጥያቄም አለው። ስለዚህ ማንበብ የጀመራችሁበት ዘመን ለዚህም ይረዳችኋል። በአቅራቢያችሁ ያለውን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ጠይቁ። ማኅበሩም የጎልማሳውን የምዘና ወጪ ቢሸፍን ገንዘቡ አይባክንም።

ከቀጠራችሁ በኋላ

አንድ ቀን የተደረገ ፈተና ሁሉን አያሳይም። ስለዚህ የሙከራ ጊዜ ይኑር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥና ስምምነቱ በጽሑፍ እንዲሆን ይደነግጋል። በቃል «እናያለን» ተባብሎ መለያየት ለሠራተኛውም ለማኅበሩም ጠብ ነው። ጻፉት፤ አስፈርሙት።

ደብተርም ይኑር። በየቀኑ አራት ነገር ይጻፍበት። ሞተሩ ስንት ሰዓት ሠራ? ስንት ሊትር ናፍጣ ጠጣ? ስንት ኩንታል ተፈጨ? ምን ተቀየረ ወይም ተጠገነ? ናፍጣው ከወትሮው ከበዛ፣ ኩንታሉ ግን ካልጨመረ፣ ሞተሩ ታሟል ወይም ናፍጣው ሌላ ቦታ ሄዷል። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ማንበብና መደመር ይበቃል።

ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። ሠራተኛው አንድ ቀን ይሄዳል፤ ሰው ነውና። በጭንቅላቱ የያዘውን ይዞ ይሄዳል። በደብተር የጻፈው ግን ከእናንተ ጋር ይቀራል። ከሁሉም በላይ ከመንደሩ አንድ ወጣት፣ ሴት ልጅም ብትሆን፣ ከአጠገቡ ቆማ ትማር። በሚቀጥለው ጊዜ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ልምድ ያላት አመልካች ከራሳችሁ መንደር ትመጣለች።

ውድ አንባቢያን፤ ይህን ጽሑፍ ለማያነብ ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ከዚያም በሚቀጥለው የማኅበራችሁ ስብሰባ ሦስት ጥያቄ አንሡ። የእኛን ሞተር የሚያንቀሳቅሰው ሰው ሲቀጠር ማን ፈተነው? የቺንጋው መከለያ አለ ወይ? ደብተሩስ የት ነው? መልስ ከጠፋ፣ ሞተሩ ሳይቆም በፊት ዛሬውኑ ጀምሩ።